ግሸን፣ ላሊበላ፣ ሐይቅ ወይስ ጀማ ንጉሥ? ዘንድሮ ወዴት እንሂድ

ስለት ያለባችሁ ሰዎች ይህን ጽሑፍ ባታነቡትም ይሆናል። ስለት አይወዳደርም። «ልጄ ይዳንልኝ እንጂ ግሸን ድረስ በእግሬ» ብላ የተሳለችን እናት «ላሊበላ መንገዱ ይሻላል» ብትሏት አትሰማችሁም። ልክም ናት። ጃንጥላውን ትገዛለች፣ ስንቋን ትቋጥራለች፣ ትሄዳለች። አለቀ።

ይህ ለሌሎቻችን ነው። «ዘንድሮ እንኳን አንድ ቦታ ልሳለም» እያልን በየዓመቱ ለምናስተላልፈው። እናቱን ይዞ መሄድ እየፈለገ ጉልበቷ ለሚያሳስበው። ከአዲስ አበባ መጥቶ ሦስት ቀን ብቻ ላለው። ወሎ ተወልዶ አድጎ አንዱንም ሳያይ ለቀረው ጭምር። ደሴ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ነው። እኔ ራሴ እስከ ሠላሳ ዓመቴ ድረስ ግሸንን የማውቃት ባጃጅ መስታወት ላይ በተለጠፈ ስቲከር ነበር።

ፍርዴ ከየት እንደሚመጣ እንድታውቁት ስለ ቤታችን አንድ ነገር ልበል። በእናቴ ወገን ክርስቲያን ነን፣ በአባቴ ወገን ሙስሊም። ወሎ ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም። እናቴ ለግሸን ስትነሳ የአባቴ እህት «ይቺን ለማርያም አድርሽልኝ» ብላ ብር ታስይዛታለች። አክስቴ ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ ስትወጣ ደግሞ እናቴ ጥሬ ቡና ቋጥራ ትልካለች። ስለዚህ ካደላሁ የማደላው ለእናቴ ጉልበት ነው።

ከመምረጥ በፊት

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «የቱ ይበልጣል?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ የትም አያደርስም። የሚያዋጣው ሁለት ነገር መጠየቅ ነው። ሕዝብ ነው የምትፈልጉት ወይስ ጸጥታ? ደግሞስ አብረዋችሁ ከሚሄዱት የማን እግር ነው ደካማው?

የመጀመሪያውን ብዙ ሰው አያስብበትም። ሕዝብ የጉዞው ችግር ይመስለዋል። መጋፋት፣ ወረፋ፣ እንቅልፍ ማጣት። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ግን እስቲ ዓለሙን እዩት። መካ ላይ ወንዱ ሁሉ ሁለት ቁራጭ ያልተሰፋ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ይዞራል፣ ሀብታሙን ከድሃው በልብስ መለየት አይቻልም። ኢራቅ ውስጥ ለአርበዒን፣ ለኢማም ሑሴን መታሰቢያ፣ ከነጀፍ እስከ ከርበላ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘውን ሰው መንገድ ዳር ያለው ሕዝብ በነጻ ያበላዋል፣ ያሳድረዋል። ሕንድ ውስጥ ለኩምብ ሜላ ወንዝ ዳር የሚሰበሰበው በሚሊዮን ይቆጠራል። እነዚህ ሰዎች ቤታቸው መጸለይ አቅቷቸው አይደለም። ብቻውን የሚጸልይ ሰው «እኔ ብቻ ነኝ እንዲህ የጨነቀኝ» ይላል። መቶ ሺህ ሰው መሀል ሲቆም ግን ጎኑ ያለችው ሴትዮ ከእሱ ብሳ ስታለቅስ ያያል። ያ ያበረታል። በወሎኛ ያው «አብሽር» ነው፣ የሚለው አፍ ብቻ በዛ።

ይህ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ በዓሉን ጠብቃችሁ ሂዱ። ከራሳችሁ ጋር መነጋገር የፈለጋችሁ ከሆነ ግን በዓል ቀን አትድረሱበት። ተራ ማክሰኞ ምረጡ።

ግሸን ደብረ ከርቤ፦ ድካሙን ለሚፈልግ

ግሸን አምባሰል ውስጥ ናት። ከደሴ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል። ሲሰሙት የግማሽ ቀን መንገድ አይመስልም። መስከረም 21 ሲደርስ ግን ቁጥሩን እርሱት። የመኪናው ሰልፍ ከተራራው ርቆ ይቆማል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር ነው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ጭቃው አልጠጠረም። የመጨረሻው ዳገት ደግሞ ዳገት ነው፣ በሌላ ቃል አላሳምረውም። በትራቸውን ተደግፈው የሚወጡ አዛውንት እኔን አልፈውኝ ሄደዋል። ሁለት ጊዜ።

አምባው በተፈጥሮው የመስቀል ቅርጽ አለው። ትውፊቱ እንዲህ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጌታ ግማደ መስቀል እጃቸው ሲገባ የት እንደሚያኖሩት ተጨነቁ። በራእይ «አንብር መስቀልየ በዲበ መስቀል» ተባሉ። መስቀሌን በመስቀል ላይ አኑር ማለት ነው። የመስቀል ቅርጽ ያለው ተራራ ፍለጋ አገሩን አዳርሰው ግሸን ላይ አረፉ። ንጉሡ የገዙት እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ነው። ይኸው ከዚያ ወዲህ ሰው መውጣቱን አላቆመም።

እኔን የሚገርመኝ ሌላው ታሪኩ ነው። አምባው የነገሥታት ልጆች ይታሰሩበት ነበር። ንጉሥ ሲነግሥ ወንድሞቹና የአጎቱ ልጆች ዙፋን እንዳይመኙ እዚያ ላይ ይዘጋባቸው ነበር። ዙሪያው ገደል ስለሆነ ለጠባቂ አያስቸግርም። ዛሬ ሰው ተጋፍቶ ሊገባበት የሚለፋው በር ያኔ ሌላው ሊወጣበት የሚመኘው በር ነበር። ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ሲያጥራችሁ ይህን አስቡ፣ ትንሽ ያሳርፋል።

ተሳላሚውን ወደዚያ የሚስበው ኪዳኑ ነው። ግሸንን የተሳለመ እንደ አርባና እንደ ሰማንያ ቀን ሕፃን ንጹሕ ሆኖ ይወርዳል የሚል እምነት አለ። ስፔን ውስጥ ወደ ሳንቲያጎ የሚሄድ ሰው የመጨረሻውን መቶ ኪሎ ሜትር በእግሩ መሄዱን በማኅተም ካሳየ የምስክር ወረቀት ይሰጡታል። ግሸን ወረቀት የለም። የሚያዘው እምነትና ጠበል ነው፣ በጀሪካንና በፌስታል። እንደ እኔ ግምት ሁለቱም አንድ ነገር ይናገራሉ። ሰው የደከመበትን ነገር ቤቱ ይዞ መግባት ይወዳል።

ምን ልያዝ ላለ ሰው፦ ጋቢ፣ በእውነት ጋቢ። ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል፣ ማደሪያው ደግሞ በአብዛኛው ሸራ ሥር ወይም ሜዳ ላይ ነው። በሶና ዳቦ ቆሎ ከሁሉም ይሻላል፣ አይበላሽም፣ አይከብድም። የእጅ ባትሪ። የስልክ ኔትወርክ እንደ ሕዝቡ ብዛት ስለሚጨናነቅ «እደውልልሻለሁ» ብላችሁ አትለያዩ። መገናኛ ቦታ አስቀድማችሁ ተስማሙ። እኔና እናቴ መጀመሪያ በሄድን ጊዜ ይህን ስላላደረግን አራት ሰዓት ተፈላልገናል። ሳገኛት ከማላውቃቸው የመርሳ ሴቶች ጋር ቆሎ ትበላለች። «የት ጠፋህ?» አለችኝ። እኔ ነኝ የጠፋሁት!

ጉልበቱ የሚያመው ሰው ካለባችሁ መስከረምን ተዉትና ጥር 21ን አስቡ። አስተርእዮ ማርያም ናት። መንገዱ ደረቅ ነው። ያንኑ ዳገት ግን ማንም አያነሳላችሁም።

ላሊበላ፦ ዓይኑን ይዞ ለሚሄድ

ላሊበላ ከአራቱ በጣም የሚታወቀው ነው። ስለዚህ ብዙ ማስታወቂያ አያስፈልገውም። ከዓለት የተፈለፈሉ 11 አብያተ ክርስቲያናት፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የተመዘገቡ። በመኪና ከወልድያ በጋሸና በኩል ይገባል። አውሮፕላንም አለው። ለደካማ እግር ይህ ብቻውን ትልቅ ነጥብ ነው። ከአራቱ በአውሮፕላን ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚደረስበት ይኸው ነው።

ከመግባታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ይግባችሁ። ላሊበላ ራሱ የሌላ ቦታ ጉዞ ምትክ ነው። ኢየሩሳሌም ሩቅ ናት። በረሃ አለ፣ ባሕር አለ፣ ሽፍታ አለ። ኢትዮጵያውያን እየሄዱ ዴር ሡልጣን ድረስ ገዳም ይዘዋል፣ ያልደረሰው ግን ስንት ነው? ስለዚህ ሩቁ ቀረበ። ወንዙ ዮርዳኖስ ተባለ። ጎልጎታም አለ፣ ቤተ ልሔምም አለ። አንድ ገበሬ ከላስታ ሳይወጣ ኢየሩሳሌምን ዞሮ ይመለሳል። ከዚህ የበለጠ ብልህ ነገር አላውቅም።

ለገና ከሄዳችሁ፣ ታኅሣሥ 29 ንጋት ላይ ቤተ ማርያም ዘንድ ተገኙ። ቤዛ ኩሉ የሚባለው ያኔ ነው። ካህናቱ ግማሾቹ ከላይ ዓለቱ ጠርዝ ላይ ይቆማሉ፣ ግማሾቹ ከታች። ላይኞቹ እንደ መላእክት፣ ታችኞቹ እንደ እረኞች ሆነው እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። ቦታ ለመያዝ ሌሊቱን መሄድ አለባችሁ። እኔ «ጠዋት እደርሳለሁ» ብዬ የሰው ጀርባ አይቼ ተመልሻለሁ። ድምፁ ግን ጀርባ አያግደውም።

ላሊበላ ለገና ውድ ነው። አልጋ ቀድማችሁ ያዙ፣ ተይዞም ቢሆን ሁለቴ ደውሉ። አንድ ሆቴል ቀብድ የከፈልኩበትን ክፍል ለሌላ ሰው ሰጥቶብኝ ሌሊቱን ሳሎኑ ውስጥ ወንበር ላይ አድሬአለሁ። በማግስቱ ከሰቆጣ በኩል በእግራቸው የመጡ ሰዎች ይህን ስነግራቸው ሳቁብኝ። እነሱ ያደሩት ሜዳ ላይ ነው። የላሊበላ ሰው የተሳላሚ እግር የማጠብ ልማድ አለው። የሚታጠበው ግን በእግሩ የመጣ ነው፣ እኔ በዶልፊን ስለመጣሁ ጫማዬን አውልቄ ለማሳየት አፈርኩ።

በተራ ቀን ከሄዳችሁ ሌላ ቦታ ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ብቻችሁን ከላይ ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከቤተ ገብርኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚወስደው ጨለማ ዋሻ የሲኦል ምሳሌ ነው ይባላል። ባትሪ አጥፍቶ ግድግዳ እየዳሰሱ ማለፍ ነው ወጉ። እናቴ እጄን ይዛ አለፈች፣ ጨርሳ «ይኼስ ከደሴ መብራት መጥፋት አይብስም» አለች። ለሴቶች አንድ ነገር ቀድሜ ልናገር፦ ቤተ ጎልጎታ ሴት አትገባም። እዚያ ደርሶ ከመበሳጨት ማወቁ ይሻላል።

አንድ ተጨማሪ ቀን ካላችሁ ይምርሐነ ክርስቶስን አትለፉት። ከላሊበላ በስተሰሜን ነው፣ ዋሻ ውስጥ የተሠራ፣ ከውቅሮቹም የሚቀድም። ከጀርባው የብዙ ሰው አጽም ተከምሯል። ከሩቅ አገር መጥተው እዚያው ያረፉ ተሳላሚዎች ናቸው ይላሉ አባቶች። መሄድ እንጂ መመለስ ያላሰቡ ሰዎች ነበሩ። እዚያ ፊት ቆሞ ስለ ትኬት ዋጋ ማማረር አይቻልም።

ሐይቅ እስጢፋኖስ፦ ጸጥታ ለጎደለው

ከደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል። ጠዋት ሄዶ ማታ ቤት መግባት ይቻላል። ዳገት የለም። ሐይቁ አለ፣ ዛፉ አለ፣ ወፉ አለ። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳሙን ያስፋፉበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም መጥተው የተማሩበት ነው። የገዳሙ አለቃ «ዐቃቤ ሰዓት» ተብሎ ቤተ መንግሥት ድረስ ይሰማ ነበር። ዛሬ ይህ ሁሉ ዝና ሳይሰማው የተኛ የሚመስል ቦታ ነው። ለዚህ ነው የምወደው።

ችግሩ አንድ ነው፣ ግን ትልቅ ነው። ሴት አትገባም። እናታችሁን ይዛችሁ ልትሄዱ ከሆነ ይህን ቤት ሳላችሁ ንገሯት። እኔ አልነገርኩም ነበር። እናቴ ከመግቢያው ውጭ ዛፍ ሥር ነጠላዋን አንጥፋ ቀረች። ገብቼ ብራና ሳይ፣ የድሮ ዕቃ ሳይ፣ ፎቶ ይፈቀዳል አይፈቀድም ስል ቆየሁ። ስመለስ ዳዊቷን ጨርሳ ውሃውን ታያለች። «ተሳለምክ?» አለችኝ። ምን ልበላት።

ዓሣ ለሚወድ፦ ከሐይቁ የሚወጣው ጥብስ ጥሩ ነው። ጾም ከሆነ ግን ከእናታችሁ ጋር «ዓሣ ይበላል አይበላም» የሚለው ክርክር ውስጥ አትግቡ፣ አትረቱም።

ጀማ ንጉሥ፦ ዱአና መንዙማ

አልብኮ ወረዳ ውስጥ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የነበሩት ሼህ ሙሐመድ ሻፊ ያቀኑት መርከዝ፣ የትምህርትና የዱአ ማዕከል ነው። ሊቅም ወልይም ነበሩ። ለመውሊድ ከወሎም ከሩቅም ሰው ይጎርፋል። መንዙማው ሌሊቱን ይወርዳል፣ ድቤው ይመታል፣ ዱአ ይደረጋል። ስለት ያለበት በሬውን ነድቶ ይመጣል። ይታረዳል፣ ይበላል። ማንም «አንተ የማን ነህ?» አይልም። አክስቴ ይዛኝ የሄደች ጊዜ ከአጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ማተብ አስሮ ነበር። እጁን ዘርግቶ «አሚን» ይላል። የመጣው ለልጁ ነው።

ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ዋናው ልዩነት ቀኑ ነው። የእስልምናው ዓመት ከእኛው ዓመት አሥር አሥራ አንድ ቀን ስለሚያንስ መውሊድ በየዓመቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። በእነዚህ ዓመታት ክረምት ውስጥ ገብቷል። አልብኮ ተራራማ ነው፣ ክረምት ላይ ጭቃው የመስከረሙን የግሸን ጭቃ ያስንቃል። ቦት ጫማ ይሻላል። ጉልበት ለሚያመው ሰው ከመውሊድ ውጪ በበጋ ለዚያራ፣ ማለትም ለጉብኝት፣ መሄድ ይመረጣል። ያኔ መንዙማው አይኖርም፣ ቦታው ግን አለ።

እንዲህ ያለውን ዚያራ የማይቀበሉ ሙስሊሞችም አሉ። ቤታችን ውስጥም አሉ። ክርክሩ የእነሱ ነው፣ እኔ አልገባበትም። ክርስቲያን ሆናችሁ ለማየት የምትሄዱ ከሆነ ሴቶች ራሳችሁን ተሸፈኑ፣ የወንድና የሴት መቀመጫ የተለየ መሆኑን እወቁ፣ ስልክ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። ቡና ሲሰጧችሁ እንቢ አትበሉ።

ጀማ የራቃችሁ ቃሉ ወረዳ ውስጥ ያለውን «ጌታ» የሚባለውን ቦታ አስቡ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሐጂ ቡሽራ መንደር ነበር። ለኮምቦልቻ ሰው ቅርብ ነው።

እንግዲህ የቱን?

እናት ይዛችሁ ከሆነና ጉልበቷ የሚያማት ከሆነ፦ ላሊበላ፣ በተራ ቀን፣ ሳትቸኩሉ። በዓል ካልሆነ ምን ዋጋ አለው ካለቻችሁ ደግሞ ጥር ላይ ግሸን፣ በትር ይዛ፣ አንድ ጎረምሳ አብሯት።

ወንድ ሆናችሁ አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ሐይቅ። ሐዘን ላይ ያለ ጓደኛ ካላችሁ እሱንም ሐይቅ ውሰዱት እንጂ ሕዝብ መሀል አትክተቱት። ሕዝቡ የሚያጽናናው ራሱ ፈልጎ ሲሄድ ነው።

ብቸኝነት ያጠቃችሁ፣ ከተማ የሰለቻችሁ፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣችሁ ዓመቱ ያለፈባችሁ ከሆነ መስከረም 21ን ወይ መውሊድን ምረጡ። ምቾት አትፈልጉ። ምቹ ጉዞ ሽርሽር ነው። ሽርሽር መጥፎ አይደለም፣ ግን ስሙን እንጥራው።

በጀት ለሚያስጨንቀው ሐይቅ ርካሽ ነው፣ ላሊበላ ለገና ውድ ነው፣ ሌሎቹ ሁለቱ እንደ ስንቃችሁ ነው። የመንገዱን ሰላም ደግሞ ከመነሳታችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ እዚያው ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ሹፌር ሁልጊዜ «ሰላም ነው» ይላል።

ይህን ሁሉ ለእናቴም አስረድቻታለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ። መንገዱን፣ ዋጋውን፣ ዳገቱን። ላሊበላ በአውሮፕላን ብዬ ጨረስኩ። ዝም ብላ ሰማችኝ። ቡናዋን ሁለተኛውን ቀድታ «ግሸን ነው የምሄደው» አለች።

«እማዬ፣ ጉልበትሽስ?»

«ስለት አለብኝ።»

ለማን እንደተሳለች ጠየቅኳት፣ አልነገረችኝም። ጃንጥላው ተገዝቷል። አልጋዋ ሥር በፌስታል ተጠቅልሎ አይቼዋለሁ።